የባሕር ውሃ ከፍ ማለትና የነጋዴው ድርሻ፤ የሆላንድ ሕዝብ በጎርፍ መከላከያ ፕላን እንዴት እንደ ተካፈለ

የኢትዮጵያ ጽጌረዳ አበባ በብዛት ከሚሸጥባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነው የአልስሜር የሐራጅ ገበያ በሆላንድ አገር፣ ከአምስተርዳም ከተማ በስተ ደቡብ ይገኛል። በዚያው አካባቢ ያለው የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራበት መሬት እስከ 1852 ዓ.ም. ድረስ ትልቅ ሐይቅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሐይቁ ውሃ በእንፋሎት ኃይል በሚሠሩ ሦስት የመምጠጫ ጣቢያዎች ተስቦ ከወጣ በኋላ መሬቱ ታረሰ፤ ቆይቶም አውሮፕላን አረፈበት። ዛሬ ያ ማረፊያ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ የሆለታው ወይም የዝዋዩ አበባ አምራች የላከው ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው፣ ባሕሩ በግድብ ባይገታ ኖሮ ዓሣ በሚዋኝበት ስፍራ አጠገብ ነው ማለት ነው።

ከሆላንድ መሬት ከመቶው 26 እጅ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ከባሕሩም ሆነ ከወንዞቹ በሚመጣ ጎርፍ ሊጠቃ የሚችለው ክፍል ሁሉ ሲደመር ደግሞ ከመቶው ወደ 60 እጅ ይጠጋል። በዚህ መሬት ላይ በአውሮፓ በትልቅነቱ የመጀመሪያ የሆነው የሮተርዳም ወደብ፣ አያሌ ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና መጋዘኖች ተሠርተውበታል። ባሕሩ ግን በነበረበት አልቆመም። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ ከ1901 እስከ 2018 ድረስ የዓለም ባሕር ወለል በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜም በየዓመቱ የሚጨምረው 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። በያዝነው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የሚጨምረው መጠን፣ የዓለም ሕዝብ እንደሚያቃጥለው ነዳጅ ብዛት እየተለያየ፣ ከ28 ሳንቲ ሜትር አንሥቶ እስከ 1 ሜትር ያህል ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል። አንድ ሜትር ማለት ለባለ ሱቅ የባንኮኒው ቁመት ነው።

ግድብ ለማቆም ገንዘብና መሐንዲስ እንደሚያስፈልግ ማንም ያውቃል። እጅግ የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፕላኑ በሚነደፍበት ጊዜ መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ፣ መረቡ የሚነካበት ዓሣ አስጋሪና መጋዘኑ የሚሰጋበት ነጋዴ መቼ ይጠራሉ የሚለው ጥያቄ ነው። የሆላንድ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመን ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተውታል። ሁለቱ መልሶች ብዙ ዋጋ አስከፍለዋቸዋል፤ ስለ ሦስተኛውም ቢሆን ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገብቷል ለማለት አይቻልም።

አካፋውን መሬት ላይ የተከለ

በሆላንድ አገር የውሃ ምክር ቤት የሚባል ድርጅት አለ፤ በእነርሱ ቋንቋ «ዋተርስካፕ» ይባላል። ከነዚህ ምክር ቤቶች አንዳንዶቹ የተቋቋሙት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አገሩን ከሚያስተዳድረው መንግሥት በዕድሜ እጅግ ይቀድማሉ። ሥራቸው ግድቡን መጠበቅ፣ ቦዩን ማጽዳትና የውሃውን ከፍታ መቆጣጠር ነው። ግብር የሚጥሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሸንጎአቸውም በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል።

በቀድሞው ዘመን ደንቡ የከበደ ነበር። መሬቱ ከግድብ ጋር የሚዋሰን ባለ ርስት ሁሉ የድርሻውን ክፍል በራሱ ወጪ እየጠገነ ማቆየት ግዴታው ነበር። ይህን ለማድረግ አቅም ያጣ ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ ርስቱን ለቆ ይሄድ ነበር። ያን አካፋ የነቀለ ሰው መሬቱን ከነዕዳው፣ ማለት ከነግድቡ ጥገና ጋር፣ ይረከባል። ጭካኔ ያለበት ሕግ ቢመስልም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ግድቡን በገንዘቡና በጉልበቱ የሚጠብቅ ሰው በጉዳዩ የሚሰማ ቃል አለው፤ ቃል ያለውም ሰው ዕዳ አለበት።

ለነጋዴዎችም በነዚህ ሸንጎዎች ውስጥ ለብዙ ዘመን የተከለለ መቀመጫ ነበራቸው። በ2023ቱ ምርጫ ግን ይህ መቀመጫ በሕግ ቀረ፤ ለገበሬዎችና ለተፈጥሮ ሀብት ጠባቂዎች ብቻ ጥቂት መቀመጫ ተጠበቀ። ከዚያ ወዲህ በውሃ ጉዳይ ድምፁ እንዲሰማ የሚፈልግ ነጋዴ እንደ ማናቸውም ዜጋ በምርጫ ወረቀት መወዳደር ይኖርበታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ መስጠት ይቻላል፤ የተከለለ መቀመጫ ሰውን ሰነፍ እንደሚያደርግ የሚናገሩ አሉ፤ ነገር ግን ከፍተኛ ግብር የሚከፍል ክፍል ቃል ሲያጣ ግብሩንም እያጉረመረመ ይከፍላል።

የ1953ቱ ሌሊት

የመጀመሪያው መልስ፣ ማለት ጉዳዩን ለየመንደሩ መተው፣ እስከ የት እንደሚያደርስ የታየው በጥር 31 ማታ ለየካቲት 1 ቀን 1953 ዓ.ም. አጥቢያ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የተነሣ ኃይለኛ ነፋስ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ደርሶ ውሃውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሆላንድ ገፋው። በዚያ ሌሊት ግድቦቹ በብዙ ስፍራ ተሸነቆሩ። በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ፤ በእንግሊዝ አገርም ከ300 በላይ ሰዎች በዚሁ ማዕበል አለቁ። ከ70,000 በላይ ሰዎች ከመኖሪያቸው ወጡ። ስንት ሱቅና ስንት መጋዘን እንደ ጠፋ መገመት ለአንባቢ አያስቸግርም።

አደጋው ያልታሰበ አልነበረም። ዮሐን ፋን ፌን የሚባለው የመንግሥት መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኞች መሆናቸውን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ በጥናት አስረድቶ ነበር። በዚያው ቀንም የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ቴሌግራም አስተላልፎ ነበር። ነገር ግን ቴሌግራሙ የሚደርሰው ለአገልግሎቱ ደንበኛ ለሆኑ ብቻ ሲሆን፣ ከየመንደሩ ምክር ቤቶች ደንበኛ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው። ራዲዮ ጣቢያውም እኩለ ሌሊት ላይ ሥርጭቱን ይዘጋ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ ከ2,000 የሚበልጡ የውሃ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ እጅግ ትንንሾች፣ ገንዘብም ያልነበራቸው ናቸው። የአንዱ መንደር ግድብ ቢጸና እንኳ የጎረቤቱ ሲፈርስ ውሃው በጀርባ ዞሮ ይገባ ነበር። ስለዚህ የሕዝብ ተካፋይነት ብቻውን፣ ያለ በቂ ገንዘብና ያለ ወቅታዊ ወሬ፣ ሰውን ከሞት አላዳነም።

ከዚያ ሌሊት ታሪክ ለነጋዴዎች ተለይቶ የሚነገር አንድ ጉዳይ አለ። ኒውቨርከርክ በሚባለው መንደር አጠገብ፣ በኋላ የአገሩ ዝቅተኛ ቦታ ተብሎ የተለካው፣ ከባሕር ወለል 6.76 ሜትር የሚወርደው መሬት ይገኛል። በዚያ በኩል ያለው የወንዝ ግድብ መሸንቆር ጀመረ። ግድቡ ጨርሶ ቢወድቅ ኖሮ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት የሆላንድ እምብርት ለጎርፍ በተጋለጠ ነበር። የመንደሩ ከንቲባ አሪ ኤቨግሩን የሚባለውን የጭነት ጀልባ ባለቤት «ጀልባህን ሽንቁሩ ውስጥ አግባ» ብሎ አዘዘው። ኤቨግሩን «ሁለቱ ወንድማማቾች» የምትባለውን ጀልባውን፣ መተዳደሪያውን፣ እየነዳ ወስዶ እንደ በር መዝጊያ አድርጎ ሽንቁሩ ላይ ገጠማት። ሠራተኞችም ከኋላዋ አሸዋ የሞላ ከረጢት ደርድረው ግድቡን አተረፉት። የሆላንድ ሕዝብ ይህን በሐውልት ያስታውሰዋል። ሆኖም አንድ አገር በአንድ ጀልባ ነጂ ልብ ላይ ተደግፎ ማደር እንደማይገባው መንግሥቱ ወዲያውኑ ተረዳ።

መሐንዲሶቹ ሲሠሩ ሻጮቹ ሲጮኹ

በየካቲት 1953 የዴልታ ኮሚቴ የሚባል የሊቃውንት ጉባኤ ተቋቋመ። በ1958 የጸናው የዴልታ ሕግም የባሕሩን መግቢያ ክንዶች አንድ በአንድ በግድብ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ለመርከብ መንገድ ሲባል ወደ ሮተርዳምና ወደ አንትወርፕ የሚወስዱት ብቻ ክፍት እንዲቀሩ ሆነ። ይህ ሁለተኛው መልስ ነው፤ ሊቃውንቱ ይወስናሉ፣ መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፣ ሕዝቡ ይጠበቅለታል። ለጥቂት ዓመታት ማንም አልተቃወመም፤ የሞቱት ሰዎች መቃብር ገና አፈሩ አልደረቀምና።

ችግሩ የመጣው ከክንዶቹ ሁሉ ሰፊ የሆነው ኦስተርስኬልዴ ላይ ሲደረስ ነው። በዜላንድ አውራጃ፣ በዚህ ውሃ ዳር፣ የርሰኬ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከባሕር ሥር በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ኦይስተርና ሙስል የሚባሉ የባሕር እንስሳትን እያረቡ ለቤልጂግና ለፈረንሳይ ገበያ ይሸጣሉ፤ የሙስል ሐራጅም በዚያው ይካሄዳል። ግድቡ ጨርሶ ቢዘጋ የባሕሩ ውሃ መግባት መውጣቱ ይቀራል፤ ጨው የሌለው ሐይቅ ይሆናል፤ የእነርሱም ንግድ በአንድ ቀን ያልቃል። በ1962 እና በ1963 መካከል የነበረው ብርቱ ክረምት ኦይስተሩን እጅግ ጎድቶት ስለ ነበር፣ «የሚሞት ንግድ ስለሆነ ካሣ ተቀብላችሁ ዝም በሉ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

የየርሰኬ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎችና ወጣት ተማሪዎችም ተባበሯቸው። በዚህ ጊዜ ግድቡ ከ9 ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ከግማሽ በላይ ተሠርቶ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ በ1953 ወላጆቻቸውንና ልጆቻቸውን ያጡ የዚያው አውራጃ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ ሙስል ዋጋ ሲባል ግድቡ መዘግየቱን ሲሰሙ እጅግ ተቈጡ። አንዱ ጎረቤት ስለ መቃብር፣ ሌላው ስለ ገበያ ይናገር ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ክርክሩ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ እንኳ ሰውን እስከ መለየት መድረሱ አያስደንቅም።

በመጨረሻ በ1976 ፓርላማው መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ሙሉ ግድብ በመሥራት ፈንታ 65 የሲሚንቶ ምሶሶዎች ባሕሩ ውስጥ ተተክለው በመካከላቸው 62 የብረት መዝጊያዎች እንዲንጠለጠሉ ተወሰነ። በደኅናው ቀን መዝጊያዎቹ ከፍ ብለው ባሕሩ ይገባል ይወጣል፤ ውሃው ከተለመደው መጠን 3 ሜትር እንደሚበልጥ ሲታወቅ ይወርዳሉ። ንግሥት ቤአትሪክስ ጥቅምት 4 ቀን 1986 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። የወጣውም ገንዘብ ወደ ዛሬው የአውሮፓ ገንዘብ ሲመለስ 2.5 ቢሊዮን ኤውሮ ያህል ነው፤ ተራው ግድብ ከሚፈጀው እጅግ ይበልጣል። የየርሰኬ ሻጮች እስከ ዛሬ ይሸጣሉ።

ነጋዴ ሒሳብ ስለሚወድ ይህን ነገር በሒሳብ ዓይን ማየቱ ተገቢ ነው። የሙስል አርቢዎቹ አሳብ በ1958፣ ሕጉ ሲጻፍ፣ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነ፣ ተሠርቶ የቆመ ሥራም ባልተቀየረ ነበር። ዘግይቶ የተሰማ ቃል ተሰማ፤ ነገር ግን ዋጋው ከነወለዱ ተከፈለ። ደግሞም መካከለኛው መንገድ የራሱ ጉድለት አለበት። ምሶሶዎቹ የውሃውን ግፊት ስላደከሙት በውስጥ በኩል ያለው የአሸዋ ደለል እየተሸረሸረ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ወፎቹ የሚመገቡበት ሜዳ እያነሰ ነው። ባሕሩ ከፍ እያለ ሲሄድም መዝጊያዎቹ ቶሎ ቶሎ መውረዳቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ የየርሰኬ ሰዎች ያንኑ የድሮ ክርክር እንደገና ማንሣት ግድ ይሆንባቸዋል።

አሥራ ሰባት ገበሬዎች ፕላን ሲያቀርቡ

በ1993 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ አደጋው ከባሕር ሳይሆን ከወንዝ መጣ። የራይንና የማስ ወንዞች ሞልተው በ1995 ብቻ 250,000 ያህል ሰዎች ከነከብቶቻቸው ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ግድቦቹ በዚያን ጊዜ ባይፈርሱም፣ ግድብን ዘወትር ከፍ ከፍ ማድረግ መጨረሻ እንደሌለው ታወቀ፤ የወንዙ አፍ ላይ ባሕሩ ከፍ ካለ ወንዙ ውሃውን የሚያፈስበት ያጣልና። ስለዚህ መንግሥት ለወንዙ ስፍራ የመስጠት ፕላን አወጣ። ከ30 በሚበልጡ ስፍራዎች ግድቡ ወደ ኋላ እንዲሸሽ፣ ወይም ዝቅ እንዲል፣ ወይም አዲስ ቦይ እንዲቆፈር ታዘዘ፤ ወጪውም 2.3 ቢሊዮን ኤውሮ ያህል ነበር።

ስፍራ ለወንዝ ሲሰጥ ከሰው ላይ መውሰድ ግድ ነው። በሰሜን ብራባንት አውራጃ ኦቨርዲፕሴ የሚባል፣ በግድብ ተከልሎ ከውሃ የተረፈ፣ 550 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መሬት አለ። በዚያ 17 የገበሬ ቤተ ሰቦች፣ አብዛኞቹ የወተት ላም አርቢዎች፣ ይኖሩ ነበር። መሬታቸው በጎርፍ ጊዜ ለውሃ ማጠራቀሚያ ታስቦ መሆኑን ሰሙ። ከዚህ ዓይነት ወሬ ውስጥ ለሥራ ሰው እጅግ የሚጎዳው እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ነገ ይወሰድ አይወሰድ በማይታወቅ መሬት ላይ አዲስ በረት የሚሠራ የለም፤ ባንክም በእንዲህ ያለ መያዣ ማበደር አይወድም፤ ልጅም የአባቱን ሥራ ለመረከብ ያመነታል።

ገበሬዎቹ አቤቱታ ብቻ ጽፈው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ተሰብስበው በ2000 ዓ.ም. ገደማ የራሳቸውን ፕላን አቀረቡ። ፕላኑ ውሃው እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በመሬቱ ጠርዝ፣ በግድቡ ጥግ፣ 6 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው የአፈር ጉብታዎች ተሠርተው ቤቱና በረቱ በላያቸው እንዲያርፍ ይጠይቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በሰሜን ሆላንድ ግድብ ሳይታወቅ በፊት ሰዎች እንዲህ ባለ ጉብታ ላይ ይኖሩ ነበር። አዲሱ ነገር፣ ሐሳቡ መሬታቸው ሊወሰድባቸው ከነበሩት ሰዎች መምጣቱና ከመሐንዲሶቹ ሒሳብ ጋር መግጠሙ ነው። የአውራጃው መስተዳድርና የውሃው ምክር ቤት ፕላኑን ተቀበሉት።

ሥራው ከ2010 እስከ 2015 ድረስ ተሠርቶ አለቀ። ስምንት ጉብታዎች ተሠሩ። በወንዙ በኩል ያለው ግድብ ዝቅ ተደርጎ፣ ኃይለኛ ሙላት ሲመጣ ውሃው በሜዳው ላይ እንዲያልፍ ሆነ፤ ይህም በ25 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። በዚህ ዘዴ የወንዙ ከፍታ በ27 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ በወንዙ ዳር ያሉ ከተሞችም ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ቁጥሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቤተ ሰቦቹ 17 ነበሩ፤ ጉብታዎቹ 8 ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ካሣ ተቀብለው ለቀው ሄደዋል። ፕላኑን ካወጡት ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ መወሰን ነበረበት፤ መሬቱ በጉብታ ላይ ለሁሉም አይበቃምና። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ከሩቅ ከተማ የመጣ ሹም ቢያደርገው ኖሮ ጠቡ ለልጅ ልጅ በተረፈ ነበር። ሐሳቡ ከተወጠነበት እስከ ተፈጸመበት ድረስ ደግሞ 15 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ለአንድ አርቢ ይህ ከዕድሜው የሥራ ዘመን ትልቅ ክፍል ነው። ሕዝብን ማማከር ጊዜ ይበላል ብለው የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢያነሡ ስሕተት አይሆንባቸውም፤ ግን የኦስተርስኬልዴን ሒሳብ ከጎኑ ማስቀመጥ ይገባቸዋል።

ከግድብ ውጭ ያሉ መጋዘኖች

ለአስመጪና ለላኪ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የሮተርዳም ወደብ ጉዳይ ነው። የወደቡ አብዛኛው ክፍል ከግድቡ ውጭ፣ በወንዙ በኩል፣ በአፈር ሙሌት ከፍ በተደረገ መሬት ላይ ነው የተሠራው። በሕጉ መሠረት ከግድብ ውጭ ያለ ይዞታ በጎርፍ ቢጎዳ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ በወደቡ ላይ የዘይት ታንክ፣ የኬሚካል ፋብሪካ ወይም የጭነት ማራገፊያ ያለው ድርጅት የራሱን መጠን ራሱ ማወቅ አለበት።

በባሕሩ በኩል ማስላንት የሚባል ትልቅ መዝጊያ በ1997 ተሠርቷል። ሁለቱ ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 210 ሜትር ይረዝማሉ፤ ማዕበል ሲነሣ ተንሳፈው መጥተው የወደቡን አፍ ይዘጉታል። በታኅሣሥ 2023 የውሃው ከፍታ ከተወሰነው መጠን ስለ ደረሰ መዝጊያው በራሱ ትእዛዝ ተዘግቷል። መዝጊያው ሲዘጋ ከተማው ይጠበቃል፤ መርከቡ ግን ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ባሕሩ ከፍ እያለ ሲሄድ መዝጊያው የሚዘጋበት ጊዜ እየበዛ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም መዝጋት ለመርከብ ባለቤት የመዘግየት ኪራይ፣ ለነጋዴው የዘገየ ዕቃ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የወደቡ ባለ ሥልጣን ከከተማው መስተዳድርና ከመንግሥት የውሃ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፣ ቦትሌክ ከሚባለው ክፍል ጀምሮ፣ የወደቡን ክፍሎች በየተራ ከድርጅቶቹ ጋር አስጠንቷል። ጥያቄዎቹ ቀላሎች ናቸው። ውሃው ይህን ያህል ቢደርስ የመጀመሪያው የሚጠፋው የትኛው መሣሪያ ነው? የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ወለል ላይ ነው ወይስ ከፍ ብሎ ተቀምጧል? የአንዱ ድርጅት መብራት ሲጠፋ የጎረቤቱ ፓምፕ ይቆማል ወይ? ይህን የሚያውቀው በዚያ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው፤ የትኛውም መሐንዲስ ከቢሮው ሆኖ አያውቀውም። መልሱም ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም፤ አንድን ሳጥን በአንድ ሜትር ከፍ አድርጎ መትከል፣ ወይም አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ወደ ጅቡቲና ወደ ድሬዳዋ

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ይህ ማለት ግን የባሕር ከፍታ ጉዳይ አይነካትም ማለት አይደለም። ከወጪና ከገቢ ንግድዋ ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። የጅቡቲ ከተማ ለባሕር እጅግ የቀረበ፣ ብዙ ሰፈሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። አምቡሊ የሚባለው ደረቅ ወንዝም ዝናብ በጣለ ጊዜ ሞልቶ ከተማውን ይመታል፤ በሚያዝያ 2004 ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2019 የጣለው ብርቱ ዝናብም ከተማውን እንደገና አጥለቅልቆታል። ባሕሩ ከፍ ሲል የወንዝ ሙላት የሚወጣበት እንደሚያጣ የሆላንዱ ታሪክ አሳይቷል። የአዲስ አበባው አስመጪ ይህን በጋዜጣ ብቻ ሲያነበው፣ በጅቡቲ ያለው ትራንዚተሩ ግን የትኛው መጋዘን ወለሉ እንደሚረጥብ፣ የትኛው መንገድ መጀመሪያ እንደሚዘጋ፣ ስኳርና ሲሚንቶ የት ቢቀመጥ እንደሚተርፍ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ግን በሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

በአገር ውስጥም የድሬዳዋ ጉዳይ አለ። ደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ወራት የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፤ ገበያተኛም ዕቃውን ይዘረጋበታል። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሐረር ደጋ በኩል የጣለ ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከተማውን መታው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አጡ። የቀፊራ ገበያ ከዚያ ወንዝ ጥግ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ከከተማው ርቆ በመሆኑ በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፤ ይህም የሆላንዱን የ1953 ቴሌግራም ያስታውሳል፤ ወሬው በደጋው ሰው ዘንድ አለ፣ የሚፈለገው ግን በቀፊራው ሱቅ በር ላይ ነው።

ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ግን በየዓመቱ የሚፈትሸው ሰው ይፈልጋል። በቀፊራ ያለ ባለ ሱቅ የት ላይ እንደ ተሰነጠቀ ከማንም በፊት ያያል፤ በየት በኩል ቆሻሻ ተጥሎ ውሃ መውረጃው እንደ ተደፈነም ያውቃል፤ ምናልባት የጣለውም የራሱ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በሆላንድ አገር የውሃው ምክር ቤት ሹማምንት በየጊዜው ግድቡንና ቦዩን እየዞሩ ይመረምራሉ፤ በድርሻው ያለውን ቦይ ያላጸዳ ባለ ርስት ታዝዞ ያጸዳል፤ ካላጸዳ በእርሱ ወጪ ይጸዳል። ለድሬዳዋም ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ ባለ ሱቆቹ ከከተማው መሐንዲሶች ጋር ሆነው ግንቡን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀን በእግራቸው ቢያዩት፣ ያዩትንም ቢያስመዘግቡት፣ የሚያስወጣቸው የአንድ ቀን ገበያ ነው።